ቃሪያው ላይ የነሰነስኸው መድኃኒት

ደምለው፣

ለፈተና እርማት ቢቸና ሄጃለሁ፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ። መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ነው።

ጉንዳኑን አንድ ነገር አድርገው ያልሁህ እኔ ነኝ። የትኋን መድኃኒት ነስንስበት ግን አላልሁህም። የምንበላው ቃሪያ እኮ ነው።

መድኃኒት የነሰነስህበትን ሁለቱን የቃሪያ ጣሳ ከነአፈሩ ከውሃ ጉድጓዱ ራቅ አድርገህ ቅበር።
ያልነካኸውን ሦስተኛውን ጣሳ ባልዲ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ ንከረው። ጉንዳኑ ሲወጣ ጠርገህ ጣለው። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን ውሃ ሙላ፤ መሻገሪያ ካጣ አይመለስም።
የሻይህን አተላም ጣሳው ላይ አትድፋ። ጉንዳኑን የጠራው ስኳሩ ነው።

የአከራያችን የእትዬ ወለተ ሐና ዶሮ ያንን አፈር ጭራ ሞተች። እሳቸው ጎረቤታቸውን ባንቺዓለምን «መረዝሽብኝ» ብለው ሲጣሉ አንተ አጠገባቸው ቆመህ ዝም አልህ።

ዛሬ ጠዋት «የገደልኋት እኔ ነኝ» አልኋቸው። ገብተው ለመንገዴ ዳቦ ቋጠሩልኝ።

ባንቺዓለም ዘንድ ግን አልሄድሁም። እሱ ያንተ ነው።

ዳቦው ጠረጴዛው ላይ አለ። እሱም ያንተ ነው፤ መዋጥ ከቻልህ ብላው።

አካለ ወልድ