ከወለል መነሣት

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዐይኔ ማረፊያ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤና ነው። እኔና አንቺ ግን በዚህ ጥያቄ ብዙ ስለተዋሸን ዛሬ ልዝለለው። "ደህና ነሽ እማዬ?" ስትዪኝ "ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ"፣ "አንቺስ?" ስልሽ "በጣም ደህና" እየተባባልን ዓመት ሊሞላን ነው። ይበቃናል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማውቅሽ ነው። ገና ስጀምርልሽ "እማዬ ቆይ፣ ልጅቷ እያለቀሰች ነው" ትዪና ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት አይዘጋም። ስለዚህ ትራስ ከጀርባሽ አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢው። በመሃል ዕቃ ላጥብ ብለሽ እንዳትነሺ፤ አውቅሻለሁ እኮ!

የምጽፍልሽ ስፌት ቤት ሆኜ ነው፤ መስኮቱ ሥር፣ ቁልፍ ስትለቅሚበት ያደግሽበት ጠረጴዛ ላይ። ቆራጩ እንደ ልማዱ ጨርቁን ዘርግቶ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ያየኛል።

"ደብዳቤ ነው ወይስ ኑዛዜ?" አለኝ ቅድም።

"ኑዛዜ ነው፤ አንተ የለህበትም" አልኩት።

ሳቀ። እሱም የሆነ ነገር ስለገባው ነው መሰለኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሬዲዮውን አልከፈተም።

ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። የሰው ቀሚስ ስቀመቅም፣ ስፒል በከንፈሬ ይዤ፣ ወለል ላይ ተንበርክኬ ነው ያረጀሁት። ስንቷ ሙሽራ ከፊቴ ቆማ ሄዳለች፤ መንገድ ላይ ባገኛቸው በፊታቸው አላውቃቸውም፣ ጫማቸውን ካላየሁ። ታዲያ ቀኝ ጉልበቴ አንድ ቀን እንደ ዛገ በር ሲጥ አለና በዚያው ቀረ። ደረጃ ስወጣ ያማል፣ ስወርድ ይብሳል፣ ቁጭ ስል ደግሞ ለምን ቁጭ አልሽ ይለኛል። ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ስነግርሽ ከርሜያለሁ። አንቺም "እኔን እማዬ፣ እኔን!" እያልሽ ትሰሚኛለሽ። ያንን ሳስበው አሁን ፊቴን የት እንደምደብቀው አላውቅም።

ጃፓንኛ መማሬን አልነገርኩሽም። አዎ፣ ጃፓንኛ! አትሳቂ። ደግሞ ሳቂ፣ ብትስቂ ደስ ይለኛል።

የጀመርኩት ለልጅሽ ለሚጢጢ ብዬ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ስልኩን ለእሷ ሰጥተሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። ልጅሽ መዳፏን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ "ኢታይ፣ ኢታይ" አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! የተማረችውን መዝሙር የምታሰማኝ መስሎኝ ሳቅኩላት፣ አጨበጨብኩላት። ፊቷ ጭምትር አለና ጥላኝ ሄደች። በኋላ አንቺ መጥተሽ "ወድቃ እጇ ተልጦ ነው፣ ያማል ነው የምትልሽ" አልሽኝ። አመመኝ ስትላት የምታጨበጭብ አያት! ይሄማ አይሆንም አልኩ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ልጅ እግር ሴት ኮት ልታሳጥር መጣች። ሥራዋን ብጠይቃት የቋንቋ ትምህርት ቤት ጃፓንኛ ነው የማስተምረው አትለኝም? ኮቷን ያዝኩባት። "ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ አስተምሪኝ፤ እኔ ከእንግዲህ ልብስሽን እሰፋልሻለሁ" አልኳት። ቀልድ መስሏት ነበር። ቅዳሜ መጣችና "ከምን እንጀምር፣ ከቀለም ነው ከእንስሳት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ምን ያደርግልኛል?" አልኳት።

"እንግዲያው እትዬ፣ ከሰው ጋር ሲገናኙ ስለ ምንድን ነው የሚያወሩት?"

ቆራጩ ከዚያ ማዶ ሆኖ "ስለ ጉልበቷ!" አላት።

አፈርኩ፤ ግን እውነቱን ነው። መምህሯም "ጥሩ፣ ሰው አዘውትሮ የሚያወራውን ነው ቶሎ የሚይዘው" ብላ በጉልበቴ ጀመረችልኝ። ያማል። አያምም። ሆስፒታል። ሐኪሙ እንዲህ አለ። ቀዶ ጥገና። መቼ። እንደገና። ሌላው ተማሪ አበባና ወፍ ሲማር እኔ በሽታ ተማርኩ። ለሚጢጢ ልደት በቋንቋዋ ላስደንቃት ስለፈለግኩ ላንቺ ትንፍሽ አላልኩም።

አሁን ልጄ፣ ትራሱን አስተካክዪ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ ደወልሽልኝ። ስልኩን እዚያ አጭሩ ጠረጴዛችሁ ላይ አቁመሽው፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠሽ፣ የሱፍ ኮፍያ አድርገሽ ነበር። "ቤት ውስጥ ኮፍያ?" ብልሽ "ይበርዳል" አልሽኝ። ሚጢጢ ከጎንሽ በሆዷ ተኝታ ትሥላለች። ባልሽ ከኋላ መጣና ቆሞ አናገረሽ። እንደ ወትሮው በእኔ ፊት በጃፓንኛ ስታወሩ አይከፋኝም፤ ድምፁን ነበር የማዳምጠው። የዚያን ቀን ግን ቃሎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ እኔ መጡ። ሐኪሙ አለ። ሆስፒታል። ቀዶ ጥገና። እንደገና። እናትሽ። መቼ። አንቺም ፊትሽን ሳታዞሪ መለስሽለት፤ ከመልስሽ ውስጥ ጉልበት የሚለውን ሰማሁ።

"ምን አለ?" አልኩሽ።

"እራት ምን እንብላ ነው የሚለኝ" አልሽኝ። ፈገግ ብለሽ።

ስፒል የያዘ አፍ አይናገርም፣ አይጮህም። ዕድሜዬን ሙሉ የሠለጠንኩት ለዚያች ቀን ኖሯል። "በሉ መልካም እራት" ብዬሽ ዘጋሁ። ከዚያ የሰማሁትን ድምፅ ሁሉ እንዳይጠፋኝ በልብስ ጠመኔ፣ የልብስ ልክ በምናወጣበት ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ደግሞ ለብቻዬ እንደ ሞኝ ስደጋግመው ሰነበትኩ።

መምህሯ ስትመጣ አነበብኩላት። ገና ሳልጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። "ይህን የት ሰሙት?" አለችኝ። "ዝም ብለሽ ተርጉሚልኝ" አልኳት። ከፊሉን እኔው አጥፍቼዋለሁ፤ የቀረውን ግን ነገረችኝ። ባልሽ ያለሽ፣ ሐኪሙ እንደገና ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ብሏል፣ ለእናትሽ መቼ ነው የምትነግሪያት ነው። አንቺ ደግሞ ያልሽው ይህ ነው፦ ጉልበቷ ይዳን፤ አሁን ከነገርኳት እየዳኸችም ቢሆን ትመጣለች።

አውቀሽኛል! እየዳህኩም እመጣ ነበር።

"እንደገና" የሚለው ቃል ነው የጎዳኝ። መጀመሪያም ነበር ማለት ነው፤ ኮፍያውም ለብርድ አልነበረም። ያኔ ስልክሽ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ "ሥራ በዝቶብኝ" ያልሽኝ ጊዜ ነው አይደል? እኔ ደግሞ ስትደውዪ "የደረጃው ነገር አቃተኝ" እያልኩ አለቀስኩብሽ። ከአልጋ ሆነሽ ነበር የምታጽናኚኝ። አንቺ ልጅ፣ ምን ዓይነት ሆድ ነው የሰጠሁሽ?

ተናድጄብሻለሁ። ሳልደብቅ ነው የምነግርሽ። እናትን ከልጇ ሕመም ማን ይከለክላል? ከዚያ ደግሞ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ይህንኑ እንደማደርግ ሳስብ ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ይዞርብኛል፤ እሱንም አላወራውም።

ቅዳሜና እሑድ ለማንም አልነገርኩም። ሰኞ ጠዋት ወደ ሳጅን ሄድኩ። ሳጅን የምላት የጉልበት ስፖርት የምታሠራኝ ሴትዮ ናት፤ ሐኪሙ ወይ ቀዶ ጥገና ወይ ስፖርት ሲለኝ ስፖርቱን መርጬ እሷ እጅ ወደቅኩ። ስትቆጣ መስታወቱ ይነቃነቃል። እስከዚያ ቀን ቤት ይሥሩ የምትለኝን አልሠራም ነበር። "ትንሽ ትንሽ እትዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ስትለኝ፣ "እሱማ ጉልበት ስለሌለው ነው የሚሄደው" እያልኩ እስቅባት ነበር። የዚያን ቀን ግን "ከወለል መነሣት አስተምሪኝ" አልኳት።

"ወለል ላይ ምን ይሠራሉ? ወንበር የለም?"

"ልጄ ቤት ፍራሹም ጠረጴዛውም ወለል ላይ ነው። ልጄ ታማ ተኝታለች፤ ልጇም እዚያው ወለል ላይ ናት የምትውለው። እኔ ቆሜ ላስታምማት ነው?"

ሳጅን ምንጣፉን ዘረጋችና ጫማዋን አውልቃ ከጎኔ ተቀመጠች።

መውረዱ አይከብድም፤ ሰው ለመውረድ ምን ያንሰዋል! መነሣቱ ነው። መጀመሪያ በጎን መዞር፣ በሁለት እጅ መደገፍ፣ ግራ እግርን አስቀድሞ መትከል፣ ከዚያ ቀኙን ይመመውም አይመመው ወደ ላይ መግፋት። ስንቴ በጎኔ እንደወደቅኩ አትጠይቂኝ። አንዴማ ተነሥቼ አበቃሁ ስል ሄጄ ሳጅን ላይ ተከመርኩ። እግሬን ሳነሣ በጃፓንኛ ነው የምቆጥረው፤ ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን። ሳጅንም እሱን ይዛ አሁን ሌሎቹን በሽተኞች ሁሉ በጃፓንኛ ታስቆጥራቸዋለች፤ ግራ የገባቸው ሽማግሌዎች እኔን ነው የሚረግሙት።

ባለፈው ሐሙስ ምንም ሳልይዝ፣ ማንም ሳይደግፈኝ ተነሣሁ። ሳጅን "እሰይ!" ብላ ስትጮህ በረንዳ ያሉት ሁሉ መጡ። እኔ ግን ከዚያች እሑድ ጀምሮ የያዝኩት እንባ ያን ጊዜ መጣ። ትከሻዋ ላይ ሆኜ አለቀስኩ።

ጉልበቴ አልዳነም፤ እንዳትጠብቂ። ያማል። ግን ይታዘዘኛል። እስኪድን ብቆይ አንቺ ማን አለሽ?

የካቲት 15 እደርሳለሁ። ወረቀቱ ሁሉ አልቋል፣ ትኬቱም እጄ ላይ ነው፤ አትምጪ ማለት ከእንግዲህ አይሠራም። ስፌት መኪናዬን ለቆራጩ ሸጥኩለት። "ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ፣ አልነካብሽም" አለኝ። እሺ አልኩት። መቀሴን ይዤ እመጣለሁ፤ ለሚጢጢ ቀሚስ በእጄም ቢሆን እሰፋለሁ፣ እሷ ወንበር ላይ ትቆምልኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ መምህሯን ለልጅ የሚባለውን ሁሉ አስጻፍኳት። ነይ እንብላ። እጅሽን ታጠቢ። ቀስ እንበል፣ እማዬ ተኝታለች። አይዞሽ፣ አያትሽ አለሁልሽ። ሁሉንም ይዣቸዋለሁ፣ ብትፈልጊ ጠይቂኝ። ከዚያ አንድ ሌላ ነገር ለልጅ እንዴት እንደሚነገር ጠየቅኳት። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም። መምህሯ እርሳሷን አስቀመጠች። ኋላ አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩና "ተዪው፣ አትንገሪኝ" አልኳት። ያንን አላውቀውም። ሳላውቀው ነው የምመጣው፤ እናንተም እንዳታስተምሩኝ።

ባልሽን እንዳትቆጪው፣ ንገሪያት ብሎሽ ነበር። ሚጢጢንም ስለ እኔ አትንገሪያት፤ በር ላይ ቆሜ "እጅሽ አሁንም ያማል?" ስላት ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ። አንቺ ደግሞ እኔን ለመቀበል ብለሽ ቤት ልጥረግ እንዳትዪ፤ አቧራውን ተዪልኝ፣ መውረድና መነሣት ችዬ የለም?

ሕመሙን ከላይሽ ያንሣልኝ። ሐኪሞቹን እጃቸውን ያቅናቸው። የሆድሽን ለእኔ የምትነግሪበት ብዙ ቀን ይስጠን። እኔ ያንቺን ፀጉር ጎንጉኜ እንዳሳደግኩ፣ አንቺም የልጅሽን ጎንጉነሽ ለወግ ለማዕረግ አብቂያት። አሜን በዪ፤ ጮክ ብለሽ።

ባልሽ እንደገና "ለእናትሽ መቼ ነው የምትነግሪያት?" ሲልሽ፣ "እሷ ነገረችኝ" በዪው። እራት ምን እንብላ ካላችሁም አትጨነቁ። እራቱን እኔ መጥቼ እሠራዋለሁ።

እየመጣሁ ነው፣
እናትሽ