የሁለት ግጥም ባለቤት፦ መምህር ዓለምብርሃን ወርቅአገኘሁ (1942–2018 ዓ.ም.)

መምህር ዓለምብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ወርቅአገኘሁ ብዙነህ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ኪዳኑ ጥር 12 ቀን 1942 ዓ.ም. በፃግብጂ ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ነው፤ አማርኛን የለመዱት ሰቆጣ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነበር። ሆኖም ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2002 ዓ.ም. በሰቆጣ ያስተማሩት አማርኛ ነው። ፊደል የገደፈ ተማሪ ገጹን በሙሉ እንደገና ሳይጽፍ አይለቁትም ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ለወላጆች ቀን ስለ ሽፍታው ዘመነ ረጅም የትረካ ግጥም ጻፉ። ዘመነ በአበርገሌ መንገድ ነጋዴ ሲዘርፍ ኖሮ የሞተ ሰው ነው፤ መምህር በልጅነታቸው የሰሙት ግን ደግነቱን ብቻ ነበር።

ዘመነ ሲያወርደው ምንሽሩን ከትከሻ፣
ለከበርቴው ሞት ነው፣ ለድሃው መሸሻ።

ግጥሙ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሠርግ ቤት ገባ። አዝማሪ ያዘው፤ ዛሬም ወጣቱ በስልኩ ይዞት ይዞራል።

በ1968 ዓ.ም. ከወ/ሮ ለተሥላሴ ደረሰ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፈሩ። የወ/ሮ ለተሥላሴ አባት፣ ጨው ነጋዴው አቶ ደረሰ፣ በ1958 ዓ.ም. መንገድ ላይ ተገድለዋል። የአቶ ደረሰ ባለቤት ገዳዩን ቢያውቁም፣ ወንድ ልጃቸው ደም ልመልስ ብሎ እንዳይጠፋባቸው ስሙን ለሴት ልጃቸው ብቻ ነግረው አስማሏቸው።

በ1992 ዓ.ም. በትልቋ ልጃቸው በሰርካለም ሠርግ አዝማሪው ግጥሙን ሲያነሳ ወ/ሮ ለተሥላሴ ከዳሱ ወጡ። ወንድማቸው ቀደም ብለው በማረፋቸው መሐላው የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። መምህር ተከትለው ምን እንደሆኑ ቢጠይቋቸው፣ "ያ ከበርቴ ያሉት አባቴ ነበር። ሀብቱም ሁለት አህያ" አሏቸው። ወ/ሮ ለተሥላሴ ይህን ይዘው ሃያ አራት ዓመት ግጥሙን በገዛ ቤታቸው ሰምተዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ መምህር የዘመነን ግጥም በአፋቸው አላነሱም። ስለ አቶ ደረሰ ሌላ ጻፉ፤ ለአዝማሪዎችም እየሰጡ ለመኑ። "መምህር፣ በጨው ነጋዴ አይፎከርም!" እያሉ ሳቁባቸው። ክፍል ውስጥ ሲያነቡትም ተማሪው "የዘመነን ይበሉልን" አለ። "ጽፌ ያበላሸሁትን ጽፌ ማቃናት አቃተኝ" እያሉ እስከ መጨረሻው ይቆጩ ነበር።

በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው ሰርካለም፣ ፋንታሁን፣ በጅዳ በሥራ ላይ በመሆኗ ለቀብሩ ያልደረሰችው ዓይናዲስ፣ እንዲሁም ሰባት የልጅ ልጆች ቀርተዋል።

በአደራቸው መሠረት ዛሬ በቀብራቸው ላይ ስለ ዘመነ አይፎከርም። ወ/ሮ ለተሥላሴ የመረጡት የሁለተኛው ግጥም መዝጊያ ይነበባል፤ የሰማችሁ ሁሉ ይዛችሁት ግቡ።

ሁለት አህያ ነው የደረሰ ሀብቱ፤
እስካሁን አልገባም፣ አልተዘጋም ቤቱ።

እግዚአብሔር መምህር ዓለምብርሃንን ከአቶ ደረሰ ጋር በአንድ ደጅ ያስገባልን። አሜን።