በክንዴ ላይ ያደገው መስቀል

ሰኞ

መስቀሉ አድጓል። አልዋሽም፤ በጽሑፍ መዋሸት ገና አልተማርሁም።

ልጅ ሳለሁ በግራ ክንዴ ላይ ያስነቀሰችኝ እናቴ ናት። አውራ ጣቴን ባሳርፍበት ይሸፈን ነበር። ዛሬ ጠዋት ጣቴን ጫንሁበት፤ አራቱም ጫፎች ብቅ ብለው አዩኝ።

ጡቴ በካንሰር ከተቆረጠ፣ ከብብቴም እጢ ከወጣ ወዲህ ይኸ ክንድ ያብጣል። ነርሷ ያኔ ነግራኛለች፦ ውሃው መውረጃ አጥቷል፤ ለበሽታ በር የምትከፍት ትንሽ ጭረት ናት። በዚህ ክንድ መርፌ የለም፣ ደም ግፊት መለካት የለም፣ የሚያጠብቅ ነገር የለም። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት በየቀኑ። ሁሉን በቃሌ ይዣለሁ። በማታ ትምህርት ቤታችንም ከእኔ የሚቀድም የለም፤ መምህሩ አፍ አውጥተው ባይናገሩም ያውቁታል።

ታዲያ ቅዳሜ ዕለት ከአጥሩ ላይ ቀጋ ስቆርጥ እሾህ ግራ እጄን ወጋኝ። ልጄ የሺ ከዓረብ አገር ያመጣችው ጓንት መደርደሪያ ላይ ነበር። ጓንት ለፈሪ ነው አልሁ።

ማክሰኞ

ክንዴ ቀላ። ሌላው ገላዬ የጉና ተራራ ብርድ ነው፤ እሱ ብቻውን ምድጃ። ጣቴን ብጫነው ጉድጓድ ይቀራል። ሽንኩርት ከትፌ ዞር ስል ጉድጓዱ እዚያው ነው፣ እያየኝ።

ጎረቤታችን እማሆይ ብርዜ መጡ። አዩና ጮኹ፦ "በስመ አብ! ይኸማ አድጓል!" ተሳለሙት። ከዚያ ሰፈሩ መጣ። አልደብቅም፣ ደስ አለኝ። "በሰልፍ ግቡ!" አልሁ። አንዷ "ለእኛም በደረሰን" ስትል "ቆርጨ ላበድርሽ?" አልኋት። ሁሉም ሳቀ። ክንዴ ግን ከጎኔ የተቀመጠ ሌላ ሰው መሰለኝ። የማይስቅ ሰው።

የሺ ከሱቅ ገብታ አየችኝ። "እማዬ፣ ሐኪም ቤት! አሁን!"

"ነገ" አልኋት። ነገ ምን ያህል እንደሚያድግ ማየት አማረኝ።

ሲመሽ እማሆይ የጸለዩበት ነጭ የጥጥ ክር ከመስቀሉ በላይ አሰሩልኝ። "ሕመሙ እንዳይሻገር" አሉ። የነርሷ ቃል ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን ላላ ያለ ነው፣ ክርም ነው፤ ክር ምን ያደርጋል?

ረቡዕ

ክሩ የለም።

አንሶላውን አራገፍን፣ ፍራሹን ገለበጥን። የሺ መሬቱን በእጇ ዳሰሰች። የለም። ማን ፈታው? እማሆይ ክንዴን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ተወስዷል" አሉ። በደጅ ባጃጅ አለፈ፤ ድምፁ ከሌላ አገር የመጣ መሰለኝ።

ያንቀጠቅጠኛል። ቀዩ ወደ ትከሻዬ እየወጣ ነው። መስቀሉ ተለጥጦ ቀለሙ ሳስቷል፤ ክንፎቹ ክንዴን ዞረው ሊጨባበጡ የፈለጉ ይመስላሉ። ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

"እማሆይ፣ ምልክት ከሆነ ለምን እንዲህ ይበርደኛል?"

"ልጄ፣ ተነሽና ሂጅ የሚልም ምልክት አለ" ብለው ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። የሺ ባጃጁን ጠርታ ነበር።

ሐሙስ፣ ሆስፒታል

መርፌው ቀኝ ክንዴ ላይ ነው። ፊደሌ ቢወላገድ በእሱ ይፈረድ።

ክሩ ተገኘ። ትናንት ነርሷ ያበጠውን ሥጋ በሁለት ጣቷ ፈልቀቅ ብታደርገው ጠባብ ሸለቆ ታየ፤ ከሥሩ ነጭ ነገር። የትም አልሄደም። ክንዴ ከላይም ከታችም አብጦ ከድኖት ኖሯል። በመቀስ ስትቆርጠው አልጮህሁም። የጮኸች የሺ ናት።

አብረውን የመጡት እማሆይ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። "እኔ ነኝ የጎዳኋት?"

"በሩን የከፈተው እሾሁ ነው፣ እማሆይ" አለች ነርሷ። "ክሩ ደግሞ ክንዷን አነቀው። ቢቆይ ኖሮ በሽታው ወደ ደሟ ይገባ ነበር።"

ከዚያ የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ ከበበችው። "ይኸን መስመር ከተሻገረ ጥሩኝ" አለች። እማሆይ ከመስመሩ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ዓርብ

አልተሻገረም። ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ትኩሳቱም ወረደ። ሾርባውን ጨርሼ የየሺንም ጠጣሁ።

እሑድ

ቤቴ ነኝ። ክኒኑ ገና አላለቀም።

ሰፈሩ መጣ። አንዷ አጎንብሳ አየችና "አንሷል እኮ!" አለች፣ የሰረቅሁባት ይመስል። "ወጪ በዝቶበት ነው" አልኋት። ቀልዱ ተመልሷል፤ በሽታው ወስዶ የማያስቀርብኝ እሱን ብቻ ነው። ለማየት የቀረላቸው ጓንቴ ነው። ቢጫ ነው፣ አምሮብኛል።

እማሆይ ጠዋት ጠዋት ክንዴን ቅባት ይቀቡልኛል፣ እንደ ሕፃን ገላ፣ ሳይጫኑ። ክሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ያዘገያሉ። ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ስርጉድ ቀርቷል። ነርሷ ይሞላል ብላለች።

ዛሬ ሁሉም ሲሄዱልኝ አውራ ጣቴን መስቀሉ ላይ አሳረፍሁት። ሦስቱ ጫፎች ተሸፈኑ።

አራተኛው አሁንም ብቅ ብሎ ያየኛል።