ባዶ ጉድጓድ ላይ የበራ ባትሪ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6። ጠ. 3፡20
ፀጉሬ አልደረቀም። አርባ ደቂቃ በካዚኖው የዓሣ ገንዳ ውስጥ፣ አሥራ አንድ ፎቶ፣ የሚረባው ሁለት። አዲሶቹ ዓሦች ጥፍር ነው የሚያክሉት፤ ጀርባቸው ብርቱካን፣ ጭራቸው ወይን ጠጅ። የእያንዳንዳቸው ፎቶ በየሳምንቱ ለእንስሳት ሐኪሙ ይላካል። ክንፋቸው ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ በሽታ ነው። አንድ ስንዝር ካልቀረብናቸው ፎቶ አይነሱም። ትንፋሽ ከበዛ ደግሞ አረፋው ያስደነግጣቸዋል፤ እልም። ከመስታወቱ ማዶ የካዚኖው እንግዶች እጅ ያወዛውዙልናል።

ባትሪ የሚያበሩልኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ደብተሬ፣ ስለሳቸው ነግሬሽ አላውቅም። የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ፣ ምጽዋ። እዚህ ከመጡ በኋላ ይህን ገንዳ እስኪያገኙ ዓመታት የሆቴል እንግዶችን መኪና ሲያቆሙ ኖሩ። በዲቪ መጥቼ ዋና እንኳ የማላውቀውን እኔን መጥለቅ ያስተማሩኝ እሳቸው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ልጄ ይሉኛል።

ዛሬ አንድ ነገር። ፎቶ የማነሳት ዓሣ ከኮራሉ ድንጋይ ጉድጓድ ወጥታ ሄደች፤ የጋሼ ባትሪ እዚያው ባዶው ላይ ቀረ። በጣቴ ደህና ነዎት አልኳቸው። ባትሪው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ትከሻቸውን ስነካቸው ደነገጡ። ወጥተን ስጠይቃቸው ቀለሟ ወስዶኝ ነው አሉ፤ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8። ከሰዓት 10፡00
ቤት። ሰንራይዝ ማነር ሰፈር፣ ሙቀቱ ዛሬም አልወጣም። የሰኞን ፎቶዎች በኮምፒውተር እያየሁ ነው። በአራተኛው ዓሣዋ አለች። በአምስተኛው የለችም። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፤ ብርሃኑ አንድ ቦታ። የተነሱበትን ሰዓት ቼክ አደረግሁ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ነው።
በዘጠነኛው ጥግ ላይ ፊታቸው ገብቷል። በማስኩ ውስጥ ዓይናቸው ተከፍቷል። የሚያየው ነገር የለም።
ፎቶውን ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10። ጠ. 4፡45

ዛሬም ደገማቸው። ስድስት ሜትር ላይ፣ ከታችኛው ድንጋይ ሥር። ሌንሱን እያስተካከልኩ ባትሪው ከእጃቸው ሲወድቅ አየሁ። ዞር ስል መተንፈሻው ከከንፈራቸው ወጥቷል። አላነሱትም። አልተወራጩም። ዝም ብለው እንደ ልብስ ተንሳፈዋል። መተንፈሻውን አፋቸው ውስጥ ከትቼ፣ የአየሩን ቁልፍ ተጭኜ፣ በእጄ ደግፌ ይዤ ጎትቼ አወጣኋቸው። ከመስታወቱ ማዶ አንዲት ሴትዮ ታጨበጭባለች። ትርኢት መስሏት።

ደረጃው ላይ ነቁ። ያሳሉ። መጀመሪያ ተቆጡኝ፣ ለምን አወጣሽኝ ብለው። ቀጥሎ ግራ ቀኝ አዩና ክንዴን ያዙ።
«ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ ልጄ።»
«ጋሼ፣ ሊሞቱ ነበር እኮ!»
«ባሕር ያልገደለኝ ሰውዬ በዓሣ ገንዳ አልሞትም። ከውሃ ካወጡኝ ግን ያኔ ሞትኩ። ቃል ግቢልኝ።»
ገባሁ። ከውሃ ስንወጣ የምንሞላው መዝገብ ላይም ችግር የለም ብዬ ፈረምኩ።
ለምን ፈረምኩ?

እሑድ፣ ኦክቶበር 12። ማምሻ
ጋሼ ምሳ ጠሩኝ፤ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ሰፈር፣ ከልጃቸው ከሳሮን ጋር ነው የሚኖሩት። ሳሮን እዚህ የተወለደች፣ ነርስ። እሳቸው በረንዳ ላይ ስለ ቀይ ባሕር ሲያወሩ ቆይተው፣ ስልክ ሊያነሱ ሲገቡ ጠጋ አለችኝ።
«አባዬ ቧንቧ ይከፍታል፣ ከዛ ይቆማል። ስጠራው አይሰማም እኔን። ዶክተር እንሂድ አልኩት፣ ኖ አለ። ውሃ ውስጥ ግን አንቺ አለሽ፣ ራይት? ስለዚህ እኔ አልፈራም።»
አዎ አለሁ አልኳት። ደህና ናቸው አልኳት። ፈገግ አለች፤ ትከሻዋ ሲቀልላት አየሁ።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14። ከሰዓት 9፡30
አለቃችን ዳና ሺፍት ቀየረች። ከነገ ጀምሮ እኔ ወደ ትንሹ ገንዳ። ትልቁን ጋሼ ከአዲሷ ልጅ ከኬሊ ጋር ይይዛሉ፤ ካሜራ ያስተምሯታል። ኬሊ ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው። ዓይኗ ከዓሦቹ ላይ አይነሳም። እሷን ማን ያያታል? እሳቸውንስ?
ጋሼን መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኳቸው። ራስዎ ለዳና ይንገሯት፣ እኔ አብሬዎት እገባለሁ አልኳቸው። ለመንኳቸው። መልሳቸው አንድ፦ ቃል ገብተሻል።
ደብተሬ፣ የዓርቡን ሳስብ አሁንም የሳቸው ክብደት ክንዴ ላይ አለ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15። ጠ. 1፡50
ተናገርኩ።
ስደርስ ጋሼ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብተዋል። በሩ ላይ ቆሜ ልናገር ነው አልኳቸው፤ ከጀርባቸው እንዳላደርገው። ዚፑን መዝጋታቸውን ቀጠሉ። ዳና ቢሮ ገብቼ ፎቶዎቹን አሳየኋት፤ የዓርቡንም ነገርኳት፤ በውሸት መፈረሜንም።  ተነስታ ወጣችና ለጋሼ ዛሬ ውሃ የለም፣ ሐኪም ሳያይዎት አይገቡም አለቻቸው። የኔ ጉዳይ በኋላ ይታያል።

የጠላቂ ልብሳቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።
«እርስዎ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ» አሉኝ።
እርስዎ። በስድስት ዓመት አንድ ቀን ብለውኝ አያውቁም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

2፡05
ለሳሮን ደወልኩ፤ አታነሳም። ሥራ ላይ ናት። መልእክት ተውኩላት።
ከላይኛው መስኮት የሠራተኛ መኪና ማቆሚያው ይታያል። ጋሼ መኪናቸው ውስጥ ናቸው። ሞተሩ ተነስቷል፣ የኋላ መብራቱ ቀይ ነው። ከቦታው ግን አልተንቀሳቀሰም። ሌላ መኪና ከኋላቸው ጥሩምባ ነፋ። ዞር አላሉም።
ተናደው ይሁን፣ ወይስ ያ ነገር መጥቶባቸው ይሁን ከዚህ አይለይም። ትንሽ ቆይተው ነቅተው መንገድ ይገባሉ። መኪና የሚበርበት ያ ትልቁ መንገድ።
የፈለጉትን ይበሉኝ። ወርጄ ቁልፉን ልቀማቸው ነው።