ያለ ተጠባባቂ የሄዱት ተጠባባቂ

ለክቡር አቶ ደግነት ተሻለ፣
የላይ ሰፈር ቅርጫት ኳስ ቡድን ተጠባባቂ ተጫዋችና የቤታችን ተጠባባቂ አባት፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ርክክብ ሳይፈጽሙ ሥራ መልቀቅዎን ይመለከታል

ክቡር ወንድሜ ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ያ ሳልዎ ለቀቀዎት? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ አሰልጣኝ ሽብሩ ደህና ናቸው፣ ዲላም ዝናቧንና ባጃጇን ይዛ እንደነበረች አለች። ጤናዎን መጠየቄ አሁን ካሉበት ሁኔታ ጋር እንደማይሄድ አላጣሁትም፤ ነገር ግን የአማርኛ መምህራችን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብለው ያስተማሩን ሲሆን፣ በወናጎ መንገድ ባጃጅ ተገልብጦበት የሞተ ሰው ሰላምታ አያስፈልገውም የሚል ነገር በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

ዕድሜ ልኬን «አንተ» ስልዎት ኖሬ ዛሬ «እርስዎ» ማለቴ እንደሚያስቅዎት አውቃለሁ። ቢስቁም አይፈረድብዎትም። አንቱታው የመጣው ከመራቅዎ እንጂ ከመከበርዎ እንዳልሆነ ግን፣ ይህ ደብዳቤ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ሲነበብ ለሚሰሙት ሁሉ ግልጽ እንዲሆንልኝ እወዳለሁ።

በአገራችን ተጠባባቂ የሚባል ሹም ብዙ ነው። ተጠባባቂ ኃላፊ አለ፣ ተጠባባቂ ርእሰ መምህር አለ፤ ዋናው እስኪመጣ ተብሎ ይቀመጥና በዚያው ያረጃል። ክቡርነትዎ ግን በቡድናችን ወንበር ላይ ሦስት ዓመት ሲጠባበቁ በቋሚ ተሰላፊነት ጨዋታ ጀምረው አያውቁም፤ ያለእርስዎ ያለቀ ጨዋታም የለም። በቤት ውስጥም አባታችን ካረፈ ወዲህ ማንም ሳይሾምዎት በአባት ቦታ ተጠባባቂ ሆነው፣ ቀን በቡና መጋዘን ጆንያ ሲሰፉ፣ ማታ ደግሞ የሒሳብ የቤት ሥራዬን ሲቆጣጠሩና ባልተጠየቁበት ጉዳይ ሁሉ ሲያዙ ኖረዋል። ይህን ያህል ሥልጣን የያዘ ሰው ሲለቅ ርክክብ ያደርጋል። እርስዎ አላደረጉም። ቅሬታዬ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አንደኛ፦ ሥራዎ ምን ምን እንደነበር ለማንም ሳይነግሩ በመሄድዎ አሰልጣኝ ሽብሩ ቡድኑን ሰብስበው ሲያስታውሱ ዋሉ። አምበላችን በፍቃዱ ሲደክመው ኳሷን ይዞ የሚወጣው ማን ነበር? ደጉ። ረጅሙ ወልደዮሐንስ ፋውል ሲበዛበት፣ ቁመቱ ባይፈቅድለትም ከቅርጫቱ ሥር ገብቶ ከግዙፎች ጋር የሚጋፋው? ደጉ። የተጋጣሚን ጎበዝ ተጫዋች እግር በእግር ተከትሎ የሚያሰለቸው? አሁንም ደጉ። ዳኛ ሲቆጣ ቀልዶ የሚያበርደውስ? በመጨረሻ ሥራዎን ለሦስት ልጆች አከፋፈሉት። ቀልዱን የሚረከብ ስላልተገኘ ክፍት የሥራ መደብ ሆኖ ቀርቷል።

ውጤቱ ከፍስሐ ገነት ቡድን ጋር በተደረገው ጨዋታ ታየ። እኔ ሜዳ ድርሽ አልልም ብዬ ስለነበር አላየሁም፤ በመጋዘኑ አጥር ቀዳዳ ግን አይቻለሁ። በሁለተኛው አጋማሽ ወልደዮሐንስ አምስተኛ ፋውሉን ሠርቶ ሲወጣ፣ አሰልጣኝ ሽብሩ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሱ «ደጉ፣ ተነስ!» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ሜዳው እንዴት ጸጥ እንዳለ ባሉበት ሆነው ሰምተውት እንደሆነ አላውቅም። ባጃጃቸውን አቁመው የሚያዩት ሾፌሮች እንኳ ሞተር አጠፉ። ከዚያ ሥራዎን የተረከቡት ሦስቱ ልጆች፣ የተጠራው የእርስዎ ስም ስለሆነ እያንዳንዳቸው «እኔን ነው» ብለው አንድ ላይ ተነሥተው ገቡ። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ቆጠራቸው። ሰባት ናቸው። «ይሄ ጨዋታ ነው ሰርግ?» ቢል፣ አሰልጣኛችን ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ «ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው» ብለው መለሱለት። «እሱን ትምህርት እሁድ ያስተምሩት፣ አሰልጣኝ» አለና ቅጣቱን ሰጠ። ተሸነፍን። ወንበር ላይ ቢኖሩ ኖሮ ከሁሉም በላይ የሚስቁት እርስዎ ነበሩ፤ ባለመኖርዎ ግን አንድም ሰው አልሳቀም።

ሁለተኛ፦ የቅርጫቱ መረብ በተበጠሰ ቁጥር በጆንያ መርፌ ይሰፉት የነበሩት እርስዎ ነበሩ። አሁን አንደኛው ቀለበት ራቁቱን ስለቀረ ኳሷ በመሀሉ ትለፍ በጎኑ የሚያውቅ የለም። ልምምድ የሚባለውም በአመዛኙ «ገብቷል»፣ «የት ገባ?» እየተባባሉ መካሰስ ሆኗል። ቡድናችንን ከስፖርት ወደ ሕግ ትምህርት ስላሸጋገሩልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

ሦስተኛው የአግዳሚዋ ጉዳይ ነውና ረዘም ብል ይታገሱኝ። ሜዳችን የተጠባባቂ መቀመጫ የለውም። ይህን ያዩት እርስዎ ወደ ሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ወደ ጋሽ ከፍያለው ሄደው በየቅዳሜው አንድ አግዳሚ ወንበር እንዲያውሱን ለመኑ። ጋሽ ከፍያለው ከእድሩ ዕቃ ማንኪያ እንኳ በከንቱ የማያወጡ ሰው ናቸው። «የእድር ዕቃ ለሐዘን እንጂ ለጨዋታ አይደለም» አሉ። እርስዎም አንገትዎን ሰበር አድርገው «ጋሼ፣ አጨዋወታችንን አንድ ጊዜ መጥተው ቢያዩት እኮ ሐዘን መሆኑ ይገባዎታል» አሏቸው። ሽማግሌው ጥርሳቸው የታየው ያን ቀን ነው ይባላል። አግዳሚዋን ሰጡን።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጠዋት ከጋሽ ከፍያለው ግቢ፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት እስከ ሜዳው፣ እኔ ከፊት እርስዎ ከኋላ ሆነን ተሸክመናታል። የፊቱ ጫፍ ከበደኝ ባልኩ ቁጥር ከባዱ የኋላው እንደሆነ፣ ታላቅ ወንድም ምንጊዜም ከባዱን እንደሚይዝ ያስረዱኝ ነበር። ከኋላ ሆነውም መንገዱን ሁሉ ያዛሉ። «ቀኝ!» ይላሉ፤ «ጉድጓድ!» ይላሉ። ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ ሁልጊዜ ዘግይቼ ስለምታጠፍ ደግሞ «ግራ አልኩ እኮ!» ብለው ሰፈሩን ይቀሰቅሱታል። ቀን መቁጠሪያ የሌላቸው ጎረቤቶቻችን ቅዳሜ መሆኑን የሚያውቁት በዚህች ጩኸት ነበር።

ክቡርነትዎ ሲያርፉ አግዳሚዋ እንደ ደንቧ ለሐዘን ወጣች፤ እኛው ደጅ፣ ድንኳኑ ውስጥ። ቡድኑ ማሊያውን ለብሶ መጥቶ ተደረደረባት። መዘምራኑ ዘምረው እስኪጨርሱ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀው ተቀመጡ እንጂ እርስዎ ሁልጊዜ ይቀመጡበት በነበረው ጫፍ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ድንኳኑ ሲነቀል የእድሩ ሰዎች ወሰዷት፤ ከዚያ በኋላ የሚያመጣት ጠፋ። ተጠባባቂዎቻችን ዝናብ በጠጣው ቀይ መሬት ላይ ስለሚቀመጡ ማን ተጠባባቂ፣ ማን ቋሚ ተሰላፊ እንደሆነ ከቁምጣው መቀመጫ ቅላት ይለያል። የእድሩን ደንብ ይህን ያህል ቃል በቃል ያክብሩ ያለዎት ሰው እንዳልነበረ ግን በትህትና ላስታውስዎ እወዳለሁ።

አራተኛው የግል ነው። አሰልጣኝ ሽብሩ በሜዳ «ደጉ፣ ተነስ» የሚሉትን እርስዎ ወደ ቤት አምጥተው በየማለዳው ይሠሩብኝ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ይገፉና «ኤልዬ፣ ተነስ» ይላሉ። ይተዉኝ ብዬ ስንት ጊዜ አመለከትኩ! አሁን አቤቱታዬ ተቀባይነት አግኝቷል። ብርድ ልብሱም ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆኗል። ሰፊ ነው፤ ለሁለት ስንለብሰው እንዲህ ሰፊ አይመስልም ነበር። ጫማዎንም ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ። ጫፉ ላይ ካልሲ ጠቅጥቄ ስራመድ ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚከተለኝ ይመስላል፤ ዞሬ ላለማየት እየተለማመድኩ ነው። የሒሳብ ስህተቶቼንም የሚያይብኝ ስለሌለ በሙሉ ነፃነት እሠራቸዋለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። በዚህ ሳምንት ግን አሰልጣኝ ሽብሩ ቤት ድረስ መጥተው ማሊያዎን፣ እማዬ እያየች፣ ታጥቦ እንደተጣጠፈ ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። «ልጆቹ ሊበተኑ ነው፤ የቅዳሜውን የወናጎ ጨዋታ እንኳ አንገባም እያሉ ነው» አሉኝ። «ኳስ ባትችልም ግድ የለም። አግዳሚዋን ይዘህ ናና በእሱ ጫፍ ቁጭ በል። ቦታው ላይ ሰው ሲያዩ ይበረታሉ።»

አይሆንም አልኳቸው። ምክንያትም አቅርቤአለሁ፤ ኳስ አልችልም፣ ማሊያው ይሰፋኛል፣ አግዳሚም በአንድ ሰው አትነሣም። ያልነገርኳቸው ሌላ አለ። ያ ጫፍ ባዶ እስከሆነ ድረስ አንድ ቀን አርፍዶ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስላል። እኔ ከተቀመጥኩበት ግን የሚመጣ የለም ማለት ነው፤ ያንን ማን ይፈርምበታል?

ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎት በአካል ቀርበው ርክክብ እንዲፈጽሙ፣ መምጣት የማይመችዎት ከሆነም የአግዳሚዋን የኋላ ጫፍ ማን እንደሚይዝ በሕልምም ቢሆን እንዲያሳውቁን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በሕይወት እያሉም ለመልእክቶቼ መልስ ሰጥተው ስለማያውቁ፣ ስለ ፈጣን ምላሽዎ ከወዲሁ ማመስገኔን እንደ ትህትና ሳይሆን እንደ ቀልድ ይቁጠሩልኝ።

ቅሬታው ከናፍቆቱ የማይበልጥ ታናሽ ወንድምዎ፣
ኤልሮኢ ተሻለ
የአግዳሚዋ የፊት ጫፍ ተሸካሚ

ግልባጭ፦
ለአሰልጣኝ ሽብሩ፣
ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሽ ከፍያለው፣
ለእማዬ (አራተኛው ቅሬታ ተቀንሶ)

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦

ደጉ፣ ከዚህ በታች ያለውን የሚኒ ሚዲያ ልጆች ባያነቡት ደስ ይለኛል። ቢያነቡትም አልጣላቸውም።

ደብዳቤውን ፈርሜ የተኛሁት ትናንት ነው። አክስታችን እታገኝ እማዬን አየር ትለውጥ ብላ ወደ ፍስሐ ገነት ስለወሰደቻት፣ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። ዓይኔ ተከፍቶ፣ ብርድ ልብሱ እስኪገፈፍ ስጠብቅ ቆየሁ። የሚገፍ ሲጠፋ ራሴው ገፈፍኩት። እማዬ ትታልኝ የሄደችውን ቆጮ ቆርሼ፣ ማሊያህን ከሹራቤ ሥር ለብሼ (ይሰፋል፣ አልዋሸሁም) ወደ ጋሽ ከፍያለው ግቢ ሄድኩ።

«ለሐዘን እንጂ» ይሉኛል ብዬ ያንተን ቀልድ መንገድ ላይ እያጠናሁ ነበር። እሳቸው ግን ዕቃ ቤቱን ከፈቱ፣ ኮታቸውን አውልቀው በሩ ላይ ሰቀሉ፣ ሄደው የፊቱን ጫፍ ያዙ።

«ምን ትጠብቃለህ? አንሣ» አሉኝ። የቀረኝ የኋላው ነበር።

አነሣሁ። ደጉ፣ አንተ ሌባ፣ ቀላል ነው! ብረት የተበየደበት እግር ያለው ከፊት ነው፤ የኋላው ሕፃን ያነሣዋል። ታላቅ ወንድም ከባዱን ይይዛል እያልክ ሦስት ዓመት አሸከምከኝ! ይህን ትናንት ባውቅ ኖሮ ከላይ አንቱ አልልህም ነበር። ሽማግሌው ሲያለከልኩ አፍሬ «ጋሼ፣ እንቀያየር» ብላቸው «ዝም ብለህ ንዳ» አሉኝ።

ሽማግሌ እንዴት ይነዳል? አንተ እኔ ላይ መጮህ ነበር ሥራህ። እኔ «ጋሼ፣ እባክዎ ጥቂት ወደ ቀኝ ቢሉልኝ» ብዬ ሳልጨርስ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተዋል። ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ስንደርስ «ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት ወደ…» እያልኩ፣ እሳቸው ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው አመሩ። ያኔ አፌ አልታዘዘኝም።

«ግራ አልኩ እኮ!»

ቆሙ። እኔም ደንግጬ ቆምኩ። ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

«እሺ፣ ደጉ» አሉ።

አላረምኳቸውም። ወደ ግራ ታጠፍን።