የሰባተኛው ወረቀት እጅ

ይድረስ ለምወድህ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህልኝ? ዓይንህን እንዴት አደረገህ? ያ የብየዳ ብልጭታ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስለቅስሃል? መነጽርህን አድርግ እያልኩ ስነዘንዝህ ስንት ዓመቴ! እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ደረጃ ወጥታ ልብስ ማስጣቱን ከልክያታለሁ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ እኔ እንደማውቃት ግን አንተ ከበር ስትወጣ እሷ ደረጃው ላይ ናት። ሚስትህ እትዬስ ደህና ናት? ልጃችሁ ቁንጫዬስ የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉላት? እኔ ከናፍቆትና ከንዴት በቀር ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጣቶቼ በእርሳስ ጠቁረው የከሰል ነጋዴ መስያለሁ እንጂ ጤናዬስ ይመስገነው።

ንዴቱ ከየት መጣ ትል ይሆናል። ካንተው ደብዳቤ ነዋ! የድሮው ዳይሬክተራችን ባለ ፊሽካው ጡረታ ሊወጣ ነው አልከኝ። ሽኝት ይደረግለታል፣ ስሙ የተጻፈበት አዲስ የብረት በር ለትምህርት ቤቱ ይቆማል፣ በሩን የምበይደውም እኔ ነኝ አልከኝ። ይባስ ብሎ ሥራውን ሊያይ ወርክሾፕህ ድረስ መጥቶ፣ አንተን ሳያውቅህ፣ አበባ አስመስለህ ያጠፍከውን ብረት እየዳሰሰ «እጅህ ይባረክ» አለህ። አንተም አሜን አልክ። እዚህ ላይ ስደርስ ደብዳቤህን ጨማድጄ ወረወርኩት፤ መልሼ አንስቼ በመዳፌ አቃናሁትና እንደገና አነበብኩት። አሜን! ምን ዓይነት አንጀት ነው የሰጠህ? እኔ ብሆን የጋለውን ብረት ነበር የማስጨብጠው። ትልቅ ሰው ነውና አንቱ በዪው ትለኝ ነበር። አንቱታውን ከወሰድኩበት አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ አልመልስለትም።

አንተ ነገሩን ልትረሳው ትፈልጋለህ። እኔ ግን ትናንት የሆነ ያህል አስታውሰዋለሁ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ አንተ አሥረኛ። ያንተን የሒሳብ ደብተር ሳላስፈቅድህ ወስጄ በየገጹ ጥግ ላይ ሰውየውን ሣልኩት። ገጾቹን በአውራ ጣት ይዘው ለቀቅ ለቀቅ ሲያደርጓቸው ሆዱን አስቀድሞ ይመጣል፣ ፊሽካውን ይነፋል፣ ይደናቀፍና በቂጡ ዘጭ ይላል። በማግስቱ የቦርሳ ፍተሻ ተደረገና ደብተሩ ካንተ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ። ሰልፍ ላይ ደብተሩን ከፍ አድርጎ የማን እጅ ነው ይህን የሠራው ሲል፣ አንተ ዓይንህን ሳታሽ የኔ ነው አልክ። አሥራ ሁለት ጊዜ መዳፍህን ገረፈህ። ተማሪው በሙሉ እያንዳንዷን ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አዘዘ፣ ቆጠርንም። በዚያው ቀን ተባረርክ። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የነበርክ ልጅ ብየዳ ቤት ገባህ፣ እኔ ተማርኩ።

የዚህ አገር ትምህርት እንዴት ያለ ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ልንገርህ። አኒሜሽን ማለት ያው በደብተርህ ጥግ ላይ የሠራሁት ነገር ነው፣ ወጉን ይዞ። በየሳምንቱ አንድ መልመጃ ይሰጠናል። ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት እንደራርባለን፤ የታችኛው ሥዕል በላይኛው ወረቀት ላይ ይታያል፤ እሱን እያየን ትንሽ ፈቀቅ እያደረግን እንሥላለን። ለአንዲት ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ያስፈልጋል። ይህን የሰማሁ ዕለት አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። መምህርታችን አንገታቸው ላይ የሰከንድ መቁጠሪያ ስለሚያንጠለጥሉ ወይዘሮ ሰከንድ እንላቸዋለን። ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው፣ ግን ምንም አያመልጣቸውም። ዓርብ ዓርብ የሁላችንም ሥራ ግድግዳ ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ይታያል። በዚያ ሰዓት የሠራው ሰው አፉን አይከፍትም፤ ማብራራት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው ማለት ክልክል ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት መልመጃ የሚነጥር ኳስ ነበር። ሌሎቹ ኳስ ሠሩ፣ እኔ የባለ ፊሽካውን ጭንቅላት ሠራሁ። ኳስ መሬት ሲነካ ትንሽ መጨፍለቅ አለበት፤ እኔ ትንሽ በሚለው አልተስማማሁም። ወይዘሮ ሰከንድ ሦስት ጊዜ አይተው ይህ ኳስ ምን በድሎሽ ነው አሉ፣ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ አፌን ዘጋሁ። በሁለተኛው የሚወዛወዝ ነገር ሥሩ ሲባል ፊሽካውን በገመዱ አንጠልጥዬ አወዛወዝኩት። ከዚያ የዱቄት ከረጢት መጣ፤ ፊትም እጅም የሌለው ከረጢት ሲያዝን እንድናሳይ ነው። የኔ ከረጢት ሆዱን መሬት ላይ አንጥፎ እየተንፏቀቀ ምሕረት ይለምናል። ማንን እንደሚለምን አንተ አታጣውም። ሌላው ተማሪ መልመጃ ይሠራል፣ እኔ ብድሬን እመልሳለሁ። ከዓርብ እስከ ዓርብ የምኖረው ለዚሁ ነበር ብልህ አልዋሸሁም።

የአረማመድ ሳምንት ሲመጣማ ሠርጌ ሆነ። አረማመድ ከመሣል በፊት ራስህ መራመድ አለብህ። ኮሪደሩ ላይ ሆዴን ገፍቼ፣ እጆቼን ከኋላ አጣምሬ፣ አገጬን ሰቅዬ ስመላለስ የጽዳት ሠራተኛዋ አየችኝና መጥረጊያዋን አቁማ ስንት ወርሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። መንታ ነው አልኳት። ዓርብ ዕለት ሰውየው ግድግዳው ላይ መጥቶ ዘጭ ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጎረቤቴ፣ ከአጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ልጅ፣ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ደስታው ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ወረረኝ። ያን ደስታ ከዚህ በፊት አውቀው ነበር፤ የት እንዳወቅሁት ግን በዚያ ሰዓት አላስታወስኩም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው። የዓመቱ መጨረሻ ሥራችን የአርባ ሰከንድ ፊልም ነውና ወዲያው ቆረጥኩ። በሽኝቱ አዳራሽ ፊልም የሚታይበት ነጭ መጋረጃ የሚዘረጋበትን ብረትም አንተ እንደምትሠራ ጽፈህልኛል። ፊልሙን በፍላሽ እልክልሃለሁ፤ በሽኝቱ ቀን ንግግሩ ሁሉ አልቆ፣ ካባው ተደርቦለት፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ ሳለ መጋረጃው ላይ ይለቀቃል። ባለ ፊሽካው በአገር ሰው ፊት፣ በልጅ ልጆቹ ፊት፣ ልጅ ሲገርፍ ይታያል። ያኔ ፊሽካውን ይንፋ! ይህን እያሰብኩ ምሳ መብላት እየረሳሁ ነበር የምሠራው።

ባለፈው ሳምንት መልመጃው ክብደት ነበር፤ ከባድ ነገር ለስላሳ ነገር ላይ ሲያርፍ። ለፊልሙም ይሆነኛል ብዬ ዱላና መዳፍ ሠራሁ። አንዲት ሰከንድ፣ አሥራ ሁለት ወረቀት። ዱላው በሰባተኛው ወረቀት ላይ መዳፉን ያገኘዋል። ዓርብ ዕለት ታየ፤ ማንም አልሳቀም። ደንግጠው ነው ብዬ ተደሰትኩ። ወይዘሮ ሰከንድ ግን ወደ ኋላ መልሰው ሰባተኛው ላይ አቆሙት። ከዚያ፣ መቺውን በደንብ ታውቂዋለሽ፣ የእጅጌው ቁልፍ እንኳ ቦታው ላይ ነው፤ ተመቺው ግን ሰው አይደለም አሉኝ። እጅ ዱላ ሲመጣበት ያውቃል፤ ሳይነካው በፊት የሆነ ነገር ያደርጋል፣ ከተነካ በኋላም የሆነ ነገር ያደርጋል፤ አንዱ ጣቱን ያጥፋል፣ አንዱ ጭራሽ ይዘረጋል፣ አንዱ አንጓውን በሌላው እጁ ይይዛል። ይህ እጅ ግን ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ሳህን ነው፤ ይህን ልጅ አይተሽው አታውቂም አሉ። ወንድሜ ነው ልል አፌ ደርሶ ነበር። ደንቡ ግን ደንብ ነው፣ ዋጥኩት።

እልህ ያዘኝ። ጎረቤቴን በማስመሪያ መዳፌን ምታኝ አልኩት። አልመታም ብሎ ተግደረደረ፣ ስሰድበው ጊዜ መታኝ። መስታወት ፊት ቆሜ እጄ የሚያደርገውን ሁሉ ሣልኩ። ጥሩ እጅ ወጣ፤ ግን የኔ ነው። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ያንተን ፈለግሁት። የሰውየው ቁልፍ አለ። በእያንዳንዱ ምት ደረቱ ላይ ብድግ የምትለው ፊሽካ አለች። ጢሙ ላይ ያለው ላብ አለ። ያንተ እጅ ግን የለም። ቀኝህን ሰጥተኸው እንደሆነ፣ ግራህን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንተ ሁልጊዜ የምትለው ነገር አለ፤ ከሰልፉ ልትወጪ ስትይ አይቼሽ በዓይኔ ተይ አልኩሽ ትላለህ። ስንት ጊዜ እንዲህ ስትል ራሴን ደፍቼ ሰምቼሃለሁ። ወንድም ጋሼ፣ ልወጣ አላልኩም። ልወጣ አላሰብኩም። ሰውየው አንተን ከመግረፉ በፊት ወንጀሉ ይታይልኝ ብሎ ደብተሩን በፊት ረድፍ ላሉት ልጆች በአውራ ጣቱ እየለቀቀ አሳያቸው። ዘጭ ሲል ሳቁ። እሱ በዚህ ጊዜ ነው የባሰበት። አንተ ስትገረፍ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እርሳሱ ካልሲዬ ውስጥ እንዳለ፣ አንገቴን አስግጌ እነዚያን ልጆች ነበር የማየው። የትኛው ሳቀ፣ የትኛው አልሳቀም፣ መውደቁን አይተውታል ወይስ አላዩትም። አፌ ከሌላው ጋር አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥርልሃል፤ ልቤ ደስ ብሎታል። የአረማመዱ ዓርብ የወረረኝ ደስታ ይኸው ራሱ ነው። ያወቅሁትም እዚያ ሰልፍ ላይ ነው።

ይህን ስላወቅሁ ሰውየውን ምሬዋለሁ እንዳይመስልህ። አልማርኩትም፣ አንተም ተይው እንዳትለኝ። ፊልሙ ውስጥ አለ፣ ከቁልፉ አንዲት አልቀነስኩለትም። ነገር ግን ብድር ከተባለ በሙሉ ይመለስ ብዬ የሦስተኛውን ረድፍ ልጅ ጨመርኳት። አሥር ሰከንድ ሙሉ ሰጥቻታለሁ። አገጯ ወደ ላይ፣ አፏ እየቆጠረ፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ። ሳላዝንላት ነው የሣልኳት፤ ባለ ፊሽካውን እንኳ እንዲያ አድርጌ አልሣልኩትም። ስለዚህ የምታሳየው ከሆነ እስከ መጨረሻው አሳየው፤ ሰውየው ላይ ደርሰህ፣ ልጅቷ ሳትታይ እንዳትቆርጠው። ማሳየት ካልፈለግህ ደግሞ ያንተ ነው፤ ፍላሹን ከበሩ ባዶ ብረት ውስጥ ክተተውና በይድበት። ማንም አይጠይቅህም፣ እኔም አልጠይቅህም።

የቀረችኝ አንዲት ወረቀት ናት፣ ሰባተኛዋ። በግምት ልሙላት ብል እችላለሁ፤ ወይዘሮ ሰከንድ ያውቁብኛል፣ ከሳቸው በፊት ደግሞ አንተ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው እንደማይጠየቅ ይገባኛል። የተገረፍከው አንተ፣ መልሰህ የምታስታውሰውም አንተ፤ ደፋር ነሽ በለኝ። ግን ከሌላ ከማን ልጠይቅ? ዱላው ሲመጣ ጣቶችህ ምን አደረጉ? ከስድስተኛው ምት በኋላስ?

እማዬን ጉልበቷን ስመህ ሰላም በልልኝ። ይህን ደብዳቤ አንድም መስመር ሳትዘል አንብብላት፤ በዚያ ሥዕል የተነሳ ነው ዕድልህን ያበላሸኸው እያለች እስካሁን የምትቆጣው አንተን ነውና፣ ከዛሬ ጀምሮ ተራዬ ይሁን። ለሚስትህ ለእትዬ የእህት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ መነጽሩን ካላደረግህ ምሳህን ትከልክልህ። ቁንጫዬን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ እርሳስ ስትይዝ በራሷ ደብተር ላይ ትሣል። የቀረውን ሰላምታዬን ለእጅህ ልኬያለሁ። የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ።

ታናሽ እህትህ

ከሥዕል ክፍሉ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሚያዝያ ፲፩ ቀን