ስለ ሌዘርዎ እርጋታና ስለ አባቴ መዶሻ

ለተከበሩ የከፍተኛ ኃይል ሌዘር ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከአጥርዎ ማዶ ያለን ጎረቤቶችዎ፣ ግድግዳችን ከመሰንጠቁ በቀር፣ እጅግ ደህና ነን።

በፀሐይ ሆድ ውስጥ እንዳለው ያለ ፕላዝማ የሚሉትን የጋለ ጋዝ በሌዘር ፈጥሮ የሚያጠናው ማዕከልዎ፣ ግንባታው «እየተፋጠነ» መሆኑን በየዓመቱ ስለሚያበስሩን እናመሰግናለን። አንድ ሥራ ሳያልቅ ይህን ያህል ዘመን ሲፋጠን ማየት ለሁሉም የሚሰጥ ዕድል አይደለም።

አንደኛ፤ ባልዲ ሠሪው አባቴ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ መስተዋቶችዎ እየተንቀጠቀጡ ሌዘሩ ዒላማውን ስለሚስት፣ ሥራ እንዲያቆሙ ሰው ልከው ስላስጠየቁን ክብር ተሰምቶናል። መቆፈሪያዎ ቤታችንን ሲያርገፈግፍ አንድም ቀን ያልተነጫነጩት አባቴ፣ «ለእውቀት ከሆነማ ዝም እንላለን፤ ልጄ፣ መዶሻውን አስቀምጪልኝ» አሉ።

ሁለተኛ፤ ዝምታው ለአባቴ አልተስማማቸውም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደጃፍ ይውሉ ጀመር፤ ምግብም ቀነሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ይህ ቅጥቀጣ ጆሮዬን በላው» ሲሉ የኖሩት እናቴ፣ አንድ ቀን የድስት ክዳን ይዘው መጥተው፣ «እስቲ ይቺን አቃናልኝ» አሏቸው። ክዳኑ ምንም አልሆነም ነበር። አባቴ አገላብጠው አዩትና፣ «ቃል ገብቻለሁ እኮ» ብለው መለሱላቸው።

የመስተዋቶችዎ ንዝረት ግን አልቆመም። መስተዋቶቹን የምታስተካክለው ወጣት ተመራማሪ ፈልጋ ፈልጋ ምንጩን ከቢሮዎ መስኮት ሥር አገኘችው፦ ለምረቃው ያሠሩት የፏፏቴ ሞተር ኖሯል። ሞተሩን ስታጠፋው ሌዘሩ ዒላማውን መታ። ቤታችን ድረስ መጥታ አባቴን ይቅርታ የጠየቀችውም እሷው ናት፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ አንቀየምም። ድሉ «በአመራሩ ቁርጠኛ ድጋፍ» መገኘቱን በሬዲዮ ሰምተን ተደስተናል።

አሁን ደግሞ እንግዶች ስለሚመጡ ፏፏቴው እንደገና እንደሚከፈት፣ አባቴም እንደገና ዝም እንዲሉ የሚለው መልእክትዎ ደርሶናል። አባቴ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ለእውቀት ዝም ብዬ ነበር፤ ለውሃ ጨዋታ ግን አልችልም» አሉና መዶሻቸውን አነሱ። ተመራማሪዋ ሙከራ ያላት ቀን ብቅ ብላ ከነገረችን ግን ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ከእሷ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል።

ለሚያፈሱት ውሃና ለሚያፈሱት ተስፋ ሁሉ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሳሁ፣
የባልዲ ሠሪው ልጅ፣ ከአጥርዎ ማዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምድር ላይ ኮከብ ሊያበሩልን መሆኑን ከበርዎ ሰሌዳ ላይ አንብበናል። ኮከቡ እስኪደርስ፣ የጭነት መኪናዎ ገጭቶ የጣለውን የመንገድ መብራት ቢያስተክሉልን፣ ሰሌዳውን በማታም ማንበብ እንችል ነበር።